ምን ሆንን?

ምልልሱ የሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንደኛዋ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ቅመም እየነገዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ሁለተኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። አሜሪካ የምትኖረው የእትዬ ልጅ ስልክ ደውላ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጇ ለተለመደው ክትትል ሄዶ ደሙ ሲመረመር እርሳስ እንደተገኘበት ነግራቸዋለች።

እትዬ፦ «ሰባት ነው» አለችኝ። ሰባት ብሎ ነገር ምን እንደሆነ እኔ በምን ዐውቄ! እያለቀሰች ስለነበር መልሼ መጠየቅም ፈራሁ። ትንሽ ስትረጋጋ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ እርድ እንዳትልኪ። ኩሉንም፣ ድስቱንም የጤና ሰዎች መጥተው ሊያዩት ነው» አለች። አንተ የተማርከው ነገር ነውና እስቲ ንገረኝ። በገዛ እጄ ለልጅ ልጄ መርዝ ሰድጄ ነው?

መምህሩ፦ እሱን ዛሬ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ቁጥሩን ግን ላስረዳዎት። ሰባት ማለት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ሰባት ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘ ማለት ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። አሜሪካኖቹ ከ3.5 ካለፈ ምንጩ ይፈለግ ይላሉ። ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣውን መድኃኒት የሚሰጡት ግን 45 ሲደርስ ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ዋናው ሕክምና ምንጩን አግኝቶ ማቋረጥ ነው። ሰዎቹ ዕቃ ዕቃውን ሊያዩ የፈለጉትም ለዚያ ነው።

እትዬ፦ ልጁ እኮ ምንም አልሆነም! በቪዲዮ አየዋለሁ፤ ይሮጣል፣ ያወራል፣ በእጁ ይጎርሳል። ደግሞስ እኛ? እርድ ያልገባበት አልጫ በልተን አናውቅ። ኩል ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ይኸው አድገን፣ ወልደን፣ ነግደን እዚህ ደረስን። ምን ሆንን?

መምህሩ፦ አይቆጡኝና፣ እርሳስን በሰው ቤት መቶ ዓመት ያስቀመጠችው ይቺ ጥያቄ ናት። እርስዎ በቅንነት ነው የጠየቁት። ደመወዝ እየተከፈላቸው የጠየቁ ግን ነበሩ።

እትዬ፦ እነማን ናቸው?

መምህሩ፦ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመሩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎት። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የሚባል የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ፣ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ሞተሩ መንኳኳቱን እንደሚያቆም ደረሰበት። በ1923 ለገበያ ቀረበ። በ1924 መኸር ኒው ጀርሲ ውስጥ ይህን ነገር የሚሠሩ ሠራተኞች አእምሯቸውን እየሳቱ ወደቁ፤ አምስቱ ሞቱ፣ ከ30 በላይ ታመሙ። ጋዜጠኞች ሲጮኹ ሚጅሊ ራሱ ፊታቸው ቆሞ ፈሳሹን እጁ ላይ አፈሰሰ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህልም ጠርሙሱን አፍንጫው ላይ ይዞ ሳበው። «ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» ማለቱ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በእርሳስ ተመርዞ ሥራውን ትቶ ማገገም ነበረበት፤ ይህን ግን ለጋዜጠኞቹ አልነገራቸውም።

እትዬ፦ አምስት ሰው ሞቶ ዝም ተባለ?

መምህሩ፦ ዝም አልተባለም። በ1925 መንግሥት ስብሰባ ጠራ። አሊስ ሃሚልተን የሚሏት ሐኪም ነበረች፤ የፋብሪካ መርዞችን ስታጠና የኖረች፣ ሃርቫርድ በመምህርነት የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት። ይህ ነገር መንገድ ላይ አይለቀቅ ብላ ተከራከረች። በሌላ በኩል ደግሞ የኩባንያዎቹ ሳይንቲስት ሮበርት ኪሆ ነበር። የእሱ ክርክር አጭር ነው፤ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው መጎዳቱን አሳዩን፣ ካሳያችሁን እናቆማለን፣ እስከዚያው እንቀጥላለን። የፋብሪካው ሞት የጥንቃቄ ጉድለት ተባለ። መንገደኛው ደግሞ አልወደቀም። ስለዚህ ቀጠለ። ዓለም ላይ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ያቆመችው በ2021 ነው።

እትዬ፦ በ2021? ትናንት ማለት ነው እኮ።

መምህሩ፦ ትናንት ነው። ከሰሐራ በታች ያለነው አፍሪካውያን እስከ 2006 መግቢያ ጨርሰን ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ስቦታል። እርስዎም፣ እኔም፣ ልጅዎም።

እትዬ፦ እኔም የምለው ይህንኑ አይደል? ሁላችንም ስበነዋል። ታዲያ ምን ሆንን? ማን አለቀ?

መምህሩ፦ ኪሆ የማንንም ደም ሲለካ እርሳስ ያገኝ ነበር። ሁሉም ሰው ውስጥ ካለማ ተፈጥሯዊ ነው አለ። ይህን የናደው ደግሞ ስለ ጤና ሊያጠና ያልተነሣ ሰው ነው። ክሌር ፓተርሰን ይባላል፤ የምድርን ዕድሜ የሚፈልግ የጂኦኬሚስትሪ ሰው ነበር። ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ ዓይነት በዓይነት እየለየ ዕድሜውን ያሰላል። ግን ልኬቱ በየጊዜው ይበላሽበታል፤ ከግድግዳው፣ ከጠረጴዛው፣ ከገዛ ፀጉሩ ሳይቀር እርሳስ እየመጣ ይቀላቀልበታል። ክፍሉን አጽድቶ፣ አየሩን አጣርቶ በ1956 የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ነው አለ። ይህ ቁጥር ዛሬም አልተሻረም። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። የግሪንላንድን በረዶ ቆፈረ፣ የውቅያኖስን ላይና ታች አነጻጸረ። በ1965 የጻፈው አንድ ነገር ነው፤ በሰው ሁሉ ዘንድ የተለመደ ነገር በዚያ ብቻ ተፈጥሯዊ አይሆንም። የዘመኑ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል ብሎ ገመተ።

እትዬ፦ ቆይ ቆይ። ሁሉም ሰው ውስጥ ካለ፣ የተጎዳውን ካልተጎዳው በምን ይለዩታል? ንጹሑ ሰው የት ይገኛል?

መምህሩ፦ ዋናው ችግር እሱ ነው። ንጹሕ ሰው የለም፤ ያለው ብዙ ያለበትና ትንሽ ያለበት ነው። ደም ደግሞ የቅርቡን ወር እንጂ የልጅነቱን ሁሉ አይናገርም። ኸርበርት ኒድልማን የሚባል የሕፃናት ሐኪም መላ ዘየደ። ቦስተን አጠገብ ባሉት ቼልሲና ሰመርቪል በሚባሉ ከተሞች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች የወተት ጥርሳቸው ሲወልቅ እንዲሰጡት አደረገ። እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውረውን ጥርስ እሱ ሰበሰበው። እርሳስ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። መምህራኑ የማን ጥርስ ምን እንዳለው ሳያውቁ ስለየልጁ ቅጽ ሞሉ፤ ትኩረቱ ይበተናል? የታዘዘውን በቅደም ተከተል ይፈጽማል? የጀመረውን ይጨርሳል? ውጤቱ በ1979 ታተመ። ጥርሱ ውስጥ ብዙ እርሳስ ያለበት ልጅ በመምህሩ ዓይን ትኩረቱ የባሰ ነው። የአእምሮ ፈተና ውጤቱም በአማካይ አራት ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል። ከእነዚያ ልጆች አንዱም ታሞ ሐኪም ቤት የገባ አልነበረም። እናቶቻቸው ቢጠየቁ ልክ እንደ እርስዎ «ይሮጣል፣ ያወራል» ነው የሚሉት።

እትዬ፦ አራት ነጥብ ምን ታህል ነገር ናት? ይህን ያህል ሰው የሚያስለቅስ ነው?

መምህሩ፦ አንድ ልጅ ላይ ከሆነ አይታይም። እኔ ግን የምቆመው ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ነው። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንድ ጊዜ አይተው የሚገባቸው ጥቂት አሉ። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከኋላ ደግሞ የሚንቆራጠጡ፣ ደብተር ከፍተው ዓይናቸው ውጭ የሆነ አሉ። ክፍሉ በሙሉ አራት ነጥብ ወደ ታች ቢንሸራተት መሐል ያሉት አይታወቅባቸውም። ጫፍና ጫፉ ላይ ግን ይታወቃል፤ ፊት የነበሩት ያንሳሉ፣ ኋላ ያሉት ይበዛሉ። ከእነዚያ ውስጥ የትኛው በእርሳስ፣ የትኛው በረሃብ፣ የትኛው በቤቱ ጭንቀት እንደሆነ ለይቼ ልነግርዎ አልችልም። እናቱም አትችልም። «ምን ሆንን» ብለው የጠየቁኝን የማልመልሰው ለዚህ ነው። ያለ እርሳስ ያደገችውን እርስዎን ማንም አላያትም፤ ከእርስዎ ጎን አቁሞ የሚያነጻጽር የለም። በ1970ዎቹ ማብቂያ የአንድ ተራ አሜሪካዊ ሕፃን ደም በአማካይ 15 ነበር፤ ከእርስዎ የልጅ ልጅ እጥፍ በላይ። ማንም ታመመ አላለም። ቤንዚኑ ከተጸዳ ወዲህ አማካዩ ከአንድ በታች ወርዷል።

እትዬ፦ ሐኪሞቹስ የት ነበሩ?

መምህሩ፦ ሐኪሞቹ ልኩን ሲያወርዱ ነበር። በ1960ዎቹ 60 ካልደረሰ ችግር የለም ይባል ነበር። በ1985 ልኩ 25 ሆነ፤ በ1991 10፤ በ2012 5፤ በ2021 3.5። ጥናት በጠራ ቁጥር ጉዳቱ ዝቅ ባለው መጠንም ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የሌለው መጠን አይታወቅም ነው የሚለው። ስለዚህ ስልሳውን ዘመን ያሳለፉ ልጆች ምንም አልሆኑም ማለት ሳይሆን፣ የሆኑትን የሚያይ አልነበረም።

እትዬ፦ (ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ) አጥንት ውስጥ ይቀመጣል አልክ?

መምህሩ፦ አዎ። ለሰውነታችን ካልሲየም ይመስለዋል። ዘመድ መስሎ ደጅ እንደሚያልፍ ሌባ፣ ካልሲየም የሚገባበት ሁሉ ይገባል። አጥንት ውስጥ ከገባ አሥርት ዓመታት ይቆያል።

እትዬ፦ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ካልሲየሙ ከአጥንቷ ይወጣል። አዋላጇ ወተት ጠጪ የምትለን ለዚያ ነበር።

መምህሩ፦ ይወጣል። እርሳሱም አብሮ ይወጣል። ልጅዎ እዚህ ስታድግ ከመንገዱ የሳበችው፣ እዚያ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላል።

እትዬ፦ ከእኔም ወደ እሷ።

መምህሩ፦ ከእርስዎም ወደ እሷ። ግን ይህን ይዘው ራስዎን አይክሰሱ። ሁለት ዓመት በሞላው ልጅ ደም ውስጥ ሰባት ካለ ዛሬ የሚገባ ነገር መኖሩ ነው የሚጠረጠረው። ልጅ የበላውን እርሳስ ግማሽ ያህል ሰውነቱ ይወስደዋል፤ አዋቂ የሚወስደው አሥር በመቶ አካባቢ ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ የባሰ ይወስዳል። በሉ አሁን አንድ በአንድ እንያቸው። ቤቱ መቼ የተሠራ ነው?

እትዬ፦ አሮጌ ነው፤ ደረጃው ይንሿሿል ብላኛለች። በቅርቡ ነው የገቡት።

መምህሩ፦ ከ1978 በፊት ከተሠራ እዚያ ዋናው ተጠርጣሪ ቀለሙ ነው። አሜሪካ በቤት ቀለም እርሳስ የከለከለችው በዚያ ዓመት ነው። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ቀለሙ ይፋቃል፤ አቧራው መስኮቱ ሥር ይተኛል፤ ሕፃን በእጁ ዳስሶት ጣቱን ይጠባል። እርስዎ ያልላኩት ነገር ነው፤ መጀመሪያ እሱን ያዩላታል። እኛም አገር ቢሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ እርሳስ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው በርና የሕፃናት መጫወቻ እንዳለ ቆሟል።

እትዬ፦ ኩሉስ? ዓይኑ እንዲያምር ብዬ ነው የላክሁት። እናቷ ቀባሁት ብላ ፎቶ ላከችልኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መምህሩ፦ ኩሉ ይቁም። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው፤ እርሱ ደግሞ ራሱ የእርሳስ ማዕድን ነው። በየአገሩ ከተመረመረው ኩል ውስጥ ከክብደቱ ግማሹ በላይ እርሳስ የሆነ ተገኝቷል። አሜሪካ ውስጥ ኩልን ለመዋቢያ መሸጥ ክልክል ነው። ዓይን ላይ ብቻ ቢቀር አንድ ነገር ነው፤ ሕፃን ግን ዓይኑን አሽቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ ምርመራ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም። ዛሬ ማታ ደውለው ይንገሯት።

እትዬ፦ እነግራታለሁ። ድስቱስ? ያ ከባዱ ብረት ድስት ነው። ሽሮ ሲሠራበት አያርም ብላ እሷው ናት የጠየቀችኝ።

መምህሩ፦ የተገዛው ፋብሪካ ውስጥ ከተሠራው ነው ወይስ እዚህ ከሚቀልጠው?

እትዬ፦ እዚህ ከሚቀልጠው። ቆራሌው የሰበሰበውን ብረታ ብረት ምናለሽ ተራ አካባቢ የሚያቀልጡ አሉ። ጠንካራ ነው፤ ልጅ ልጅ ያወርሳል።

መምህሩ፦ ውዳቂ አሉሚኒየም ሲቀልጥ አብሮት ምን እንደገባ የሚለይ የለም። የሞተር ቁራጭ፣ የራዲያተር ብየዳ፣ ምኑም ይኖራል። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው ምግብ ውስጥ እርሳስ እንደሚለቁ በ2014 ታትሟል። አሜሪካም ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ፣ የአፍጋኒስታን ስደተኞች ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ በዛ። የጤና ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ሄደው ቀለሙን ቢያዩ፣ ውኃውን ቢያዩ የለም። በመጨረሻ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት የአሉሚኒየም ድስት ሆኖ ተገኘ። ድስቱ ውስጥ ሆምጣጤ የመሰለ አሲድ አፍልተው ለኩት፤ እርሳሱን ለቀቀ። የእኛ ቲማቲም ስልስም አሲድ አለው። ግዛቱ በ2024 ሕግ አውጥቶ፣ ከ2026 ጀምሮ በምግብ ማብሰያ ዕቃ ውስጥ እርሳስ በአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገ።

እትዬ፦ እንግዲህ የቀረው የኔው ንግድ ነው።

መምህሩ፦ የቀረው እርዱ ነው። በእርዱ ላይ ግን ከመናገሬ በፊት እርስዎን ልጠይቅ። ገዢ እርድ ሲያነሳ ምኑን ነው የሚያየው?

እትዬ፦ ቀለሙን። ሌላ ምን ያያል! ሽታውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከቴፒ የመጣ ጥሩ እርድ አለ፤ ላዩ አፈር የመሰለ፣ ቅርፊቱ ያልለቀቀ። ስትሰብረው ነው ውስጡ ብርቱካን መስሎ የሚወጣው፣ ጣትህ ላይ ሦስት ቀን የማይለቅ። ይህን ግን ለገዢ ብታስረዳው አይሰማህም። ጎን ለጎን ብታደርግለት ላዩ ቢጫ የሆነውን ያነሣል። ዝናብ የመታው፣ ሲደርቅ የጠቆረ እርድ ደግሞ ጆንያው ውስጥ ይቀራል፤ ከስረህ ነው የምትሸጠው።

መምህሩ፦ ባንግላዴሽ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። በ1980ዎቹ ጎርፍ መጣና እርዱ እርጥብ ሆኖ ጠቆረ። እዚያ እርድ ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ ቅርፊቱ እንዲለቅ መፋቂያ መኪና ውስጥ ይሽከረከራል። የጠቆረውን ቢጫ ለማድረግ አንዳንዶች በዚያ መኪና ውስጥ ቢጫ ዱቄት ጨመሩ። ዱቄቱ ሌድ ክሮሜት ነው፤ መንገድ ላይ ቢጫ መስመር የሚሰመርበት ቀለም። ዋጋው ርካሽ፣ ድምቀቱ ልዩ። ጎርፉ ሄደ፣ ልማዱ ቀረ፤ ገዢ ያንን ቢጫ ለመደ።

እትዬ፦ ሥሩ ላይ? ሳይፈጭ?

መምህሩ፦ ሳይፈጭ፣ ሥሩ ላይ።

እትዬ፦ እኔ እኮ ልቤ የሚያርፈው በዚያ ነበር! ተፈጭቶ የመጣ አልገዛም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ይገባል፣ የተፈጨ ነገር አይታመንም ብዬ፣ ድፍኑን ገዝቼ ዓይኔ እያየ ነው የማስፈጨው። ድፍኑም ካልታመነ ምን ቀረኝ?

መምህሩ፦ የእርስዎ እርድ ውስጥ አለ አላልኩም። ድፍን መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም ነው ያልኩት። ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሲመረመሩ ሲሶ ያህሉ ደማቸው ውስጥ ከ5 በላይ ተገኘ። መኪና ያልበዛበት፣ ፋብሪካ የሌለበት ገጠር ነው። አፈሩ፣ ቆርቆሮው፣ ድስቱ፣ ቅመሙ ሁሉ ለምርመራ ተወሰደ። ተመራማሪዎቹ ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ያሰላበትን ስልት ነው የተጠቀሙት። እርሳስ እንደወጣበት ማዕድን ዓይነቱ ይለያያልና፣ ከሴቶቹ ደም የተገኘው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም አዩ። ከእርዱ ጋር ገጠመ። ከዋነኞቹ ዘጠኝ እርድ አብቃይ አካባቢዎች በሰባቱ የሌድ ክሮሜት ምልክት ተገኘ። ይህ በ2019 ታተመ።

እትዬ፦ ነጋዴው ግን ዐውቆ ነው የሚያደርገው?

መምህሩ፦ ብዙዎቹ መፋቂያ ቤት ያሉት ቀለም መሆኑን እንጂ መርዝ መሆኑን አላወቁም። እነሱም ቤታቸው ይበሉታል፤ ዱቄቱን በእጃቸው የሚጨምሩት ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉ በላይ ይስቡታል።

እትዬ፦ እኔ ልንገርህ፤ መርዝ መሆኑን ቢያውቅም ለብቻው መተው አይችልም። እኔ ነገ ጠዋት ቢጫውን ትቼ አፈር የመሰለውን ብደረድር ደንበኛዬ ቀጥሎ ካለው ሱቅ ይገዛል። ልክ ነኝ ብዬ ቁጭ ብል ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? ሁሉም አንድ ላይ ካልተወው አንዱ አይተወውም።

መምህሩ፦ እንደዚያው ነው ያደረጉት። የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ለነጋዴው ማስጠንቀቂያ አሳትሞ በየገበያው ለጠፈ፣ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በእጅ የሚያዘውን የኤክስሬይ መሣሪያ ይዘው ዳካ ወዳለው ትልቁ የቅመም ገበያ ወደ ሻምባዛር ወረዱ። መሣሪያው እርዱ ላይ ሲደገን ወዲያው ይናገራል፤ ላቦራቶሪ ልኮ መጠበቅ የለም። ሁለት ጅምላ ነጋዴዎች እዚያው ገበያው ላይ ተቀጡ፣ ለአገር ሁሉ ታየ። በ2019 ከገበያው ከተወሰደው የእርድ ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። በ2020 5 በመቶ ሆነ። በ2021 አልተገኘም። የመፋቂያ ቤት ሠራተኞቹም ደም ውስጥ ያለው ቀነሰ።

እትዬ፦ በሁለት ዓመት?

መምህሩ፦ በሁለት ዓመት። ቤንዚኑ መቶ ዓመት ፈጀ፤ ምክንያቱም ጉዳቱን አሳዩን የሚሉት ሰዎች ገንዘብም ጉልበትም ነበራቸው። እርዱ ሁለት ዓመት ፈጀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ልጆች ሲሶው፣ 800 ሚሊዮን ያህሉ፣ ደማቸው ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ አላቸው። ከእነዚህ ስንቱ በአንድ ገበያ ፍተሻ የሚቆም ነው! እኛ ጋ ደግሞ ልጅ ሲመዘን፣ ሲከተብ፣ ቁመቱ ሲለካ እናያለን፤ ደሙ ለእርሳስ ተለክቶ ያየሁት ግን የለም። የእርስዎም የልጅ ልጅ እዚህ ቢወለድ ኖሮ ሰባትም ይሁን ሰባ ባልታወቀ ነበር።

እትዬ፦ እንዲህ ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። የሱቄ ደጃፍ የሚጫወቱት ልጆች አሉ። ከእኔው ገዝተው ነው እናቶቻቸው የሚሠሩላቸው። የልጅ ልጄንስ ሐኪሙ ተከታተለው።

መምህሩ፦ ኒውዮርክ ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ41 አገሮች የመጡ 1,500 ያህል የቅመም ናሙናዎችን መርምሯል። ከግማሽ በላዩ ውስጥ እርሳስ ነበር። ብዙ ያለበት ደግሞ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ከተገዛው ይልቅ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው፣ ከውጭ የተገዛው ነው። ከፍተኛው የጆርጂያ፣ የባንግላዴሽ፣ የፓኪስታን፣ የኔፓልና የሞሮኮ ነበር። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ውስጥ አልተጠራችም፤ ይህን ግን እንደ ማረጋገጫ አይያዙት።

እትዬ፦ አልይዘውም። አሁን ንገረኝ፤ እዚህ የሚመረምርልኝ አለ?

መምህሩ፦ አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባል መሣሪያ ያላቸው ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲም ውስጥ አለ። ጥቂት ግራም ዱቄት ይበቃቸዋል። እኔ ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ ልጅዎ በእርስዎ እርድ አትሥራ፤ ድስቱን ታስቀምጥ፣ ኩሉን ታጥፋ። መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ትወልውል፤ በደረቁ አትጥረግ፣ አቧራው ይነሣል። ልጁ ከመብላቱ በፊት እጁ ይታጠብ። ወተትና ብረት ያለበት ምግብ አይጉደልበት።

እትዬ፦ ቆይ፣ ደብተሬን ላምጣ። (ይዘውት መጡ) ይኸውልህ። አሁን ሱቁ ውስጥ ያለኝ እርድ ሦስት ጆንያ ነው፤ ሦስቱም ከተለያየ ሰው የተገዛ። ይህኛው ከቴፒ በቀጥታ የመጣልኝ ነው። እነዚህ ሁለቱ እዚሁ ከጅምላ ነጋዴ የያዝኳቸው ናቸው፤ አንደኛው ላዩ እንደዚህ ቢጫ ነው፤ ቶሎ ስለሚሸጥልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሦስቱን አንቀላቅል። ለየብቻ እንስጣቸው፤ ቢገኝ ከየትኛው እንደመጣ እንድናውቅ።

እትዬ፦ ከእያንዳንዱም ከላይ፣ ከመሐል፣ ከሥር አወጣለሁ፤ ጆንያ ላዩ ሁልጊዜ የተመረጠ ነው። ደግሞ አራተኛ ጨምርበት። ለልጄ የላክሁት ከተፈጨው ነው፤ ከእሱ ጣሳው ውስጥ የቀረ አለኝ። ወፍጮ ቤቱም ከእኔ በፊት የማንን እንደፈጨ አላውቅም። እነዚህን ሁለት ጆንያዎች የሸጡልኝን ሰዎች ደግሞ እኔው እጠይቃቸዋለሁ፤ የት እንዳስፋቁት፣ ምን እንደጨመሩበት።

መምህሩ፦ ካልነገሩዎትስ?

እትዬ፦ ውጤቱን ይዤ ነው የምሄደው። ብቻዬንም አልሄድም፤ ከእነሱ የሚገዙትን የተራዬን ሴቶች ይዤ ነው። ሰኞ ናሙናውን ትወስድልኛለህ?

መምህሩ፦ ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት።